ሁለት ወንበር ባላት ሚያታ ብስክሌት ማጓጓዝ፦ የትኛው መጫኛ ያዋጣል?

ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን አሜሪካ ያለ ሰው ሁሉ ሚያታ ነው የሚላት። ከ1989 ጀምሮ አራት ትውልድ ያየች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ አጭርና ዝቅ ያለች መኪና ናት። ነጂዋን የምታስደስተውን ያህል ብስክሌት ያለውን ሰው ፊት ትነሳለች። ጣሪያዋ በአብዛኛው ጨርቅ ስለሆነ ፖርቶመጋላ የሚታሰርበት ቦታ የለም። ከ2015 ወዲህ የምትሠራው አራተኛዋ ትውልድ፣ ኤንዲ የሚሏት፣ የዕቃ ቦታዋ 130 ሊትር ገደማ ነው። የኋላ ወንበር ደግሞ ጭራሽ የለም። እንዲያም ሆኖ ሁለት ብስክሌት ይዛ መሄድ ትችላለች። ክብደቱ አያስቸግራትም፤ የሚያስቸግረው መጫኛው ጉልበቱን የሚያሳርፍበት ላሜራና የሚይዘው ጠርዝ ነው። ጭረቱም፣ ስርጉዱም፣ መንገድ ላይ መላላቱም ከዚያ ይጀምራል።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። ጨርቅ ጣሪያ ላላት ሚያታ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀላል ብስክሌት ለሚጭን ሰው፣ የምንመርጠው በቀበቶ የሚታሰረውን ባለ ሁለት ብስክሌት ሳሪስ ቦንስ ነው። ጠንካራ ጣሪያ ላላትና አንድ ብስክሌት ብቻ ለምትጭን መኪና በቫኪዩም የሚጣበቀው ሲሰከር ታሎን ጥሩ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ይበዛል። መኪናዋን ለዓመታት ሊይዛት ያሰበና በየሳምንቱ የሚጭን ሰው ከሥር በብሎን የሚታሰር የመጎተቻ ብረት ቢያስገጥም ገንዘቡ አይባክንም።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር አውጡ። የኤንዲ ስፋት ያለ ስፖኪዮ 173.5 ሴ.ሜ. ነው፤ የመጀመሪያዋ ትውልድ፣ ኤንኤ፣ 167.5 ሴ.ሜ. ናት። የተለመደ የአስፋልት ብስክሌት ከጫፍ ጫፍ 167 ሴ.ሜ. አካባቢ ይመጣል፤ ከአንዱ ጎማ መሐል እስከ ሌላው መሐል 99፣ የአንድ ጎማ ሙሉ ቁመት ደግሞ 68። ስለዚህ ከኋላ በአግድም ሲሰቀል ኤንዲ ላይ ከመኪናዋ ጎን አይወጣም፤ ኤንኤ ላይ ጠርዝ ለጠርዝ ይሆናል። ባለ 29 ኢንች የተራራ ብስክሌት ግን 190 ሴ.ሜ. ያልፋል፤ ኤንዲ ላይ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ 8 ሴ.ሜ. ይወጣል ማለት ነው። ጠባብ በር ላይ፣ መኪና ማቆሚያ ምሰሶ ላይ ቀድሞ የሚመታው ይሄ የወጣው ጎማ ነው። የፊት ጎማውን ፈታችሁ ወንበር ላይ ብታስቀምጡት ርዝመቱ ከ30 ሴ.ሜ. በላይ ይቀንሳል፤ ችግሩም ያበቃል።

በቀበቶ የሚታሰረው፦ ሳሪስ ቦንስ

ቦንስ እንደ ቀስት የጎበጠ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ብረት ስላልሆነ አይዝግም፤ ክብደቱም አንድ ሰው በአንድ እጁ አንስቶ የሚገጥመው ነው። ጉብጠቱ ለሚያታ የተለየ ጥቅም አለው፤ የኋላ ኮፈኑን ከላይ አልፎ ስለሚሄድ ትንሽ ስፖይለር ያላት መኪና ላይ እንኳ ይቀመጣል። ሌሎች ርካሽ የብረት መጫኛዎች አጭሩ የኋላ ኮፈን ላይ ሲዘረጉ ማዕዘናቸው ይጠባል፤ ብስክሌቶቹም ወደ ጨርቁ ጣሪያና ወደ ኋላ መስታወት ይጠጋሉ። ቦንስን ያስመረጠን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ለአንድ ብስክሌት የተፈቀደው ክብደት 35 ፓውንድ፣ ማለትም 16 ኪሎ ገደማ ነው። የአስፋልት ብስክሌት 8 ወይም 9 ኪሎ፣ የተራራው 13 ወይም 14 ኪሎ ስለሆነ አያሳስብም። ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ግን በቀላሉ 22 ኪሎ ያልፋል፤ ባትሪው ቢወጣለት እንኳ ብዙዎቹ ከወሰኑ በላይ ናቸው። እሱን ለማንጠልጠል አትሞክሩ።

ሥራው የሚጀምረው ከመጫኛው በፊት ነው። መንጠቆዎቹ የሚያርፉበትን የኋላ ኮፈን ጠርዝ በሙሉ በሳሙና እጠቡና አድርቁ። በመንጠቆና በቀለም መሐል የቀረች አሸዋ በ50 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ትሠራለች። መንጠቆዎቹ ፕላስቲክ የለበሱ ቢሆኑም ለብቻው አይበቃም። ግልጽ የቀለም መከላከያ ፊልም ገዝታችሁ ለእያንዳንዱ መንጠቆ 5 በ8 ሴ.ሜ. የሚሆን ቁራጭ በጠርዙ ላይ አጥፋችሁ ለጥፉ፤ እግሮቹ የሚያርፉበት ላይም እንዲሁ። ኤንዲ ላይ ይሄ የግድ ነው፤ የኋላ ኮፈኗ አልሙኒየም ስለሆነ አንዴ የታጠፈ ጠርዝ ተመልሶ አይቃናም።

እግሮቹን ወደ መኪናዋ ከማምጣታችሁ በፊት አምራቹ በሞዴልና በዓመት ለይቶ ባወጣው የመግጠሚያ መመሪያ መሠረት አስተካክሉ። የታችኞቹ እግሮች ፓራውልቱ ላይ፣ የላይኞቹ የኋላ ኮፈኑ ላይ፣ ወደ ጠርዙ ቀረብ ብለው ያርፉ። የኮፈኑ መሐል ባዶ ላሜራ ነው፤ እዚያ የተጫነ እግር ጎዳና ላይ በተነጠረ ቁጥር ይሰረጉዳል። ቀጥሎ የላይኛዎቹን መንጠቆዎች ከጣሪያው ሥር ባለው የኮፈኑ የፊት ጠርዝ ላይ አስገቡ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፤ በጠርዙና በጨርቁ መሐል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፣ የጣሪያውን ዝናብ ወደ ታች የሚመራው ጎማም እዚያው አካባቢ ነው። መንጠቆው ላሜራውን ብቻ ይያዝ፤ ጎማውን ወይም ጨርቁን ከነካ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ የታችኛዎቹን ከኮፈኑ ወይም ከፓራውልቱ ሥር ጠንካራ ጠርዝ ላይ፣ በመጨረሻም የጎኖቹን። ማጥበቅ በየተራ ነው፦ ግራ ትንሽ፣ ቀኝ ትንሽ፣ ላይ፣ ታች፣ እንደገና። አንዱን እስከ መጨረሻ ጠብቃችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ መጫኛው ይጣመማል፤ የተጣመመ መጫኛ ደግሞ መንገድ ላይ ራሱን ሊያስተካክል ይንሸራተታል። በቂ መጥበቁን ለማወቅ መጫኛውን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁ። መኪናዋ በስፕሪንጓ አብራ ከተወዛወዘች ጨርሳችኋል፤ መጫኛው ለብቻው ከተንቀሳቀሰ ገና ነው።

የተረፈውን የቀበቶ ጫፍ ቋጥሩት። የተፈታ ጫፍ በነፋስ ቀለሙን እየገረፈ ይላጨዋል። ቀበቶው በነፋስ የሚጮህ ከሆነ አንድ ጊዜ ጠምዝዛችሁ እሰሩት፤ ድምፁ ይጠፋል። ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ ሁሉንም እንደገና ፈትሹ፤ አዲስ ቀበቶ በመጀመሪያው ጉዞ ሁልጊዜ ትንሽ ይለቃል።

ብስክሌቶቹን አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አዙራችሁ ጫኑ፤ መሪዎቹ አይጋጩም። ከባዱ ወደ መኪናዋ ይጠጋ። ወደ መኪናዋ የዞረውን ፔዳል ወደ ላይና ወደ ፊት አዙሩትና በጨርቅ ጠቅልሉት፤ የኋላ ኮፈን ላይ የሚገኘው ስርጉድ አብዛኛውን ጊዜ የፔዳል ሥራ ነው። የፊት ጎማው እንዳይሽከረከርና መሪው እንዳይዞር ከቴላዮው ጋር በቀበቶ እሰሩት። ቴላዮው ካርቦን ከሆነ መያዣውን እስኪነካ ብቻ አጥብቁ፤ ካርቦን ቱቦ ከጎን ሲጨመቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከቀለሙ ሥር ስለሚሆን ቶሎ አይታይም። የላይኛው ቱቦው በጣም ያዘነበለ ወይም ጭራሽ የሌለው ብስክሌት ከመቀመጫው ሥር እስከ መሪው የሚዘረጋ አስማሚ ዘንግ ይፈልጋል፤ ለብቻው ይሸጣል።

ስለ ክብደቱ የሚጨነቅ ሰው ሒሳቡን ይይ። ሁለት ብስክሌትና መጫኛው 24 ኪሎ ቢሆኑ፣ ከኋላ ጎማ መሐል 1.1 ሜትር ወደ ኋላ ተንጠልጥለው፣ የኤንዲ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.31 ሜትር ስለሆነ ከፊት ጎማዎች ላይ የሚነሳው ጭነት ወደ 11 ኪሎ ነው። አንድ ቶን ገደማ ለምትመዝን መኪና ይሄ ምንም አይደለም። የሚሰማችሁ ነፋሱ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ከ80 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትወጡ በመጫኛው ላይ ያለው ጉተታ 2.25 እጥፍ ይሆናል። ከ100 በታች መንዳት ቀበቶውንም፣ ነዳጁንም፣ ልባችሁንም ያሳርፋል።

ከዚያ በኋላ የሚረሱ ነገሮች አሉ። መጫኛው ከታሰረ የኋላ ኮፈኑ አይከፈትም፤ ቦርሳችሁን፣ ውኃችሁን፣ የጎማ መንፊያውን አስቀድማችሁ አውጡ። ቁልፉ ላይ ያለውን የኮፈን መክፈቻ በስህተት ከተጫናችሁት ክዳኑ ከመቆለፊያው ይለቅና በቀበቶው ብቻ ይያዛል፤ ወዲያውኑ ፈታችሁ ዝጉት። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አፍ ፊት ለፊት ጎማ ወይም ቸርኬ አይዋል። ትኩሱ ጭስ ጎማውን ያቀልጣል፣ የካርቦን ቸርኬን ሙጫ ያላቅቃል፤ በተለይ መኪናዋ ቆማ ሞተሯ ሲሠራ። ሦስተኛው የፍሬን መብራት ኮፈኑ ላይ ስለሆነ ብስክሌቱ ይሸፍነዋል፣ ታርጋውም እንዲሁ። እንግሊዝ ውስጥ የተሸፈነ ታርጋ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል፤ አውሮፓ ያላችሁ ታርጋና መብራት ያለበትን ሰሌዳ ብስክሌቱ ላይ ጨምሩበት። በአሜሪካ ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል።

ጨርቁን ጣሪያ ከፍቶ መሄድ ይቻላል። ለመዝጋት ስትፈልጉ ግን የውስጠኛው ብስክሌት መሪ ወይም ፔዳል የኋላውን መስታወት እንዳይነካ ቆማችሁ እያያችሁ ዝጉት። ኤንኤ ካላችሁ የኋላ መስኮታችሁ ፕላስቲክ ስለሆነ አንድ ጭረት ለሁልጊዜ ነው።

በቫኪዩም የሚጣበቀው፦ ሲሰከር ታሎን

ሲሰከር ብራደንተን፣ ፍሎሪዳ የሚገኝ አምራች ነው። ታሎን አንድ ብስክሌት፣ ሚኒ ቦምበር ሁለት፣ ቦምበር ሦስት ይጭናሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። 15 ሴ.ሜ. ስፋት ያላቸው ጎማ ጽዋዎች ላሜራው ላይ ይቀመጣሉ፣ ጎናቸው ላይ ያለው ትንሽ ፓምፕ በአውራ ጣት አየሩን ያወጣል፣ የውጭው አየር ደግሞ ይጫናቸዋል። የፊት ጎማው ይፈታና ፎርኬላው መጫኛው ላይ ይታሰራል፤ የኋላው ጎማ በሌላ ጽዋ ላይ ባለ ቀበቶ ይያዛል። አምራቹ አንዱን ትልቅ ጽዋ 210 ፓውንድ፣ 95 ኪሎ ገደማ፣ ይይዛል ይላል። በዋጋ ከቦንስ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ይበር ይሆን?» ነው። በትክክል ከተጣበቀ አይበርም። ሲላቀቅ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አየር ማስገባቱ ነው፤ አየር የሚያስገባው ደግሞ አቧራ፣ የላሜራ ስፌት፣ የጽዋው ከንፈር ላይ ያለ ጭረት፣ ወይም ያልተስተካከለ ጉብጠት ነው። ጽዋውንም ላሜራውንም እጠቡ፣ ጽዋውን በውኃ ትንሽ አርጥቡ፣ ከማንኛውም ስፌትና ጠርዝ ቢያንስ 2 ሴ.ሜ. አርቃችሁ አስቀምጡ፣ በመዳፋችሁ ተጭናችሁ ፓምፑ ላይ ያለው ባለ ቀለም መስመር እስኪጠፋ ድረስ ምቱ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። መስመሩ ተመልሶ ከታየ አየር እየገባ ነው፤ ቦታ ቀይሩ። በጉዞ ላይ በቆማችሁ ቁጥር መስመሩን እዩ። መጫኛው ሲወልቅ የጽዋውን ክዳን መልሱለት፤ ዕቃ መሐል የተወረወረ ጽዋ በሚቀጥለው ጉዞ አይይዝም።

የሚይዘው የአየር ግፊት ስለሆነ ከፍታ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ይሄ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ጽዋው ምንም ያህል ቢመታ ፍሎሪዳ ላይ የሚይዘውን ያህል አይይዝም። ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ከቤታችሁ ስትነሱ 82 በመቶው አላችሁ፣ ሎቭላንድ ማለፊያ 3,655 ሜትር ላይ ስትደርሱ 64 በመቶ ይቀራችኋል። ጽዋው ውስጥ የቀረው አየር ግን ዴንቨር ላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ የሚይዘው ልዩነት ከውጭው ግፊት በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። ተራራ ስትወጡ መንገድ ላይ ቆማችሁ እንደገና መምታት ግዴታ ነው።

ሚያታ ላይ ዋናው ችግር ግን ቦታ ነው። ጨርቅ ላይ ቫኪዩም አይይዝም። የጨርቁ ጣሪያ የኋላ መስታወትም አይሆንም፤ መስታወቱ ከጨርቁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ብስክሌቱ ሲጎትተው የሚላቀቀው ጽዋው ሳይሆን ማያያዣው ነው። ጣሪያ ከፍቶ አንዱን ጫፍ የፊት መስታወት ላይ፣ ሌላውን የኋላ ኮፈን ላይ ማድረግ የሚያስቡ አሉ። አንመክረውም፤ ዕይታ ይከልላል፣ የሆነ ነገር ቢላቀቅ ደግሞ የሚወድቀው ሰው ላይ ነው።

ተነቃይ ጠንካራ ጣሪያ ወይም አርኤፍ የሚባለው ባለ ተጣጣፊ ጠንካራ ጣሪያ ካላችሁ ፎርኬላው ጣሪያው ላይ፣ የኋላው ጎማ ኮፈኑ ላይ ይሆናል። ተነቃዩ ጣሪያ ላይ መቆለፊያዎቹ ሁሉ በደንብ መያዛቸውን አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ ብስክሌቱን የሚይዘው በመጨረሻ እነሱ ናቸው። አርኤፍ ላይ ጽዋ ተጣብቆ እያለ የጣሪያውን ቁልፍ መንካት የጣሪያውን ሞተርና ክፍሎች መስበር ነው። ቁልፉ ላይ ቴፕ ለጥፉበት፤ ከልባችን ነው የምንለው።

ቁመቱንም አትርሱ። መኪናዋ 1.23 ሜትር ገደማ ናት፣ ፎርኬላው የታሰረ ብስክሌት ወደ አንድ ሜትር ይጨምራል። 2 ሜትር ወይም 2.10 ተብሎ የተጻፈበት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ አትገባም። በዚህች ዝቅ ያለች መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከላይ ብስክሌት እንዳለ መርሳት በጣም ቀላል ስለሆነ «ብስክሌት» ብላችሁ ጽፋችሁ መሪው ፊት ለጥፉ።

እንደገና የተቀባ ላሜራ ላይ አታጣብቁ፤ ቀለሙ በደንብ ካልያዘ ቫኪዩሙ ይስበዋል። ሌሊቱን ሙሉ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ለሰዓታት አትተዉት። መጫኛውን ለማላቀቅ የጽዋውን ጠርዝ ማንሳት ብቻ ስለሚበቃ ብስክሌት ላዩ ላይ ትታችሁ ምሳ አትብሉ። የፊት ጎማው ዘንግ ወፍራሙ ዓይነት ከሆነ፣ 12 ወይም 15 ሚሊ ሜትር፣ የሚስማማ አስማሚ መግዛት አለባችሁ፤ መደበኛው መያዣ ለ9 ሚሊ ሜትሩ ነው።

ከሥር የሚገባው

የመጎተቻ ብረት ለሚያታ የሚገኘው ባለ 1¼ ኢንች ቀዳዳ ነው። ከሥር ከመኪናዋ ቴላዮ ጋር በብሎን ስለሚታሰር ቀለሙን የሚነካ ነገር የለም፣ ኮፈኑም ብዙ ጊዜ መጫኛው ወደ ኋላ ሲጋደም ይከፈታል። ጉዳቱ ሁለት ነው፦ የመኪናዋን የኋላ ከፍታ ይቀንሰዋል፣ ከቁልቁል ግቢ ወጥታችሁ መንገድ ስትገቡ ብረቱ አስፋልቱን ይፍቃል። ገዝታችሁ ስታስገጥሙ ብሎኖቹን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍ እንዲያጠብቁ ጠይቁ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም ደግማችሁ አስፈትሹ። በቀዳዳው ውስጥ የሚንቀጠቀጥ መጫኛን የሚያስቆመው ተጠምዝዞ የሚጨብጥ ማጥበቂያ ነው፤ ከሌለው ለብቻው ግዙት።

ባዶው ወንበር

ብቻችሁን ከሆናችሁና ብስክሌቱ የአስፋልት ከሆነ ምንም ሳትገዙ መሄድ ትችላላችሁ። ጣሪያውን ክፈቱ፣ ወንበሩን እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ግፉ፣ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ካቴናውን ትንሹ ጥርስ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱንም ጎማ ፍቱ፣ ካቴናውን በጨርቅ ሸፍኑ። ቴላዮውን ፎርኬላው ወደ እግር ማስቀመጫው፣ የማርሽ ቀያሪው ወደ ላይ ሆኖ አስቀምጡትና የመኪናዋን የደህንነት ቀበቶ በቱቦው ውስጥ አሳልፋችሁ እሰሩት። ቀበቶው ካልታሰረ መኪናዋ ወንበሩ ላይ ሰው አለ ብላ እስክትደርሱ ትጮሃለች። ጎማዎቹን በቦርሳ አድርጋችሁ ከላይ አስቀምጡና ማሰሪያ ጨምሩላቸው።

ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ሁሉንም ማርሽ ሞክሩ፣ በተለይ 2ኛን፣ 4ኛን፣ 6ኛንና ሪቨርስን፤ እጃችሁ ከቱቦው ጋር ከተጋጨ ቴላዮውን ወደ በሩ አስጠጉት። የቀኙን ስፖኪዮ የሚሸፍን መሪ ካለ አዙሩት።

ፍሬኑ የዘይት ዲስክ ከሆነ ጎማው ከመውጣቱ ጋር በፓዶቹ መሐል ፕላስቲክ ስፔሰር አስገቡ። ስፔሰር ከሌለ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ወፍራም ካርቶን ይሠራል። ማንም ሳያስበው የፍሬኑን እጀታ ከጨበጠው ፒስተኖቹ ይወጡና ፓዶቹ ይጋጠማሉ፤ ከዚያ በኋላ ጎማው አይገባም። ያ ከሆነም ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ በፓዶቹ መሐል አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ግፏቸው እንጂ ካቻቪቴ አትጠቀሙ፤ ፓዱን ይፈረፍረዋል።